የማይገድለው መርዝ፦ የታራንቱላ አዳኟ ተርብ ተፈጥሯዊ ታሪክ

ሸረሪት ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ድሩ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብሂል ስንሰማም ብዙዎቻችን የምናስበው ይህንኑ የሸረሪት ድር ነው። ይሁን እንጂ በርካታ የሸረሪት ዝርያዎች ድር ዘርግተው ነፍሳት እስኪጠመዱላቸው አይጠብቁም። በግዙፍነታቸው የሚታወቁት ታራንቱላዎች ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። ታራንቱላ መሬት ቆፍሮ ይኖራል፤ ሲመሽም በጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ በአጠገቡ የሚያልፈውን ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ አልፎ አልፎም ትንሽ እንሽላሊት ድንገት ይዞ በመርዛም ጥርሶቹ ይገድላል። ይህን የመሰለ አዳኝ ከነፍሳት ወገን የሚደፍረው ይኖራል ብሎ መገመት ያዳግታል።

የሚደፍረው ግን አለ። እርሷም በክብደት ከታራንቱላው ብዙ እጥፍ የምታንስ ተርብ ናት። ይህች ተርብ ታራንቱላውን የምትፈልገው ራሷ ልትበላው አይደለም፤ ልጇን ልታሳድግበት ነው። ለዚህም ታራንቱላው መሞት የለበትም፤ ቢሞት ይበሰብሳልና። መንቀሳቀስም የለበትም፤ ቢንቀሳቀስ ልጇን ያጠፋባታልና። እንግዲህ የተርቧ ችግር በሕይወት ያለ፣ ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ሸረሪት ማግኘት ነው። የችግሩ መፍትሔ በመርዟ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ እንደምንመለከተው የማይገድለው ይህ መርዝ ለልጇ ስንቅ ማቆያ፣ ለራሷም ከጠላት መጠበቂያ ሆኖ ያገለግላል።

ተርቧ ማን ናት?

ሸረሪት አዳኝ ተርቦች በሳይንሳዊው አመዳደብ ፖምፒሊዴ በሚባለው የነፍሳት ቤተሰብ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ቤተሰቡ ወደ 5,000 የሚጠጉ የታወቁ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉራት ይገኛል። አባላቱ በአካል መጠን፣ በቀለምና በጎጆ አሠራር እጅግ ቢለያዩም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በሸረሪት መሆኑ አንድ ያደርጋቸዋል። በጣራ ሥር በመንጋ ከሚኖሩት ተርቦች በተለየ እነዚህ ንግሥትና ሠራተኛ የሚል የሥራ ክፍፍል የላቸውም። እያንዳንዷ እንስት ብቻዋን ታድናለች፤ ብቻዋን ጎጆዋን ታዘጋጃለች፤ ብቻዋንም እንቁላሏን ትጥላለች።

ከቤተሰቡ አባላት መካከል በግዝፈት በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ፔፕሲስ የተባለው ወገን ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1804 የሰጠው ዴንማርካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ ነበር። ወገኑ ከ130 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን ሁሉም የሚኖሩት በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ እንዲሁም በአካባቢያቸው ባሉ ደሴቶች ነው። ከእነዚህ ውስጥ እዚህ ላይ በዋነኛነት የምንመለከታት ፔፕሲስ ግሮሳ ትባላለች፤ ብዙ መጻሕፍት ፔፕሲስ ፎርሞሳ በሚለው የቀድሞ ስሟ ያነሷታል። መኖሪያዋ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ ሰፊ ክልል ነው።

የዚህች ተርብ አካል እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሰውነቷ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያብለጨልጫል፤ ክንፎቿ ደግሞ በብዙ ቦታዎች የጋለ ብረት የመሰለ ብርቱካንማ ቀለም አላቸው። እግሮቿ ረጃጅም ሲሆኑ ጫፋቸው ላይ ያሉት ቆልማማ ጥፍሮች ከሸረሪት ጋር በምትታገልበት ጊዜ አጥብቃ እንድትይዝ ይረዷታል። መንደፊያዋ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ወንዱ ግን መንደፊያ የለውም። ምክንያቱም በተርቦችና በንቦች ዘንድ መንደፊያ የሚባለው አካል በጥንት ዘመን እንቁላል መጣያ የነበረውና በአዝጋሚ ለውጥ ወደ ጦርነት መሣሪያ የተቀየረው የእንስቷ አካል ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ይህችን ተርብ እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋዊ የግዛቱ ነፍሳት አድርጎ መርጧታል። ሐሳቡን ያመነጩት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ ምርጫውም የተካሄደው በግዛቱ ላሉ ትምህርት ቤቶች በተላከ የድምፅ መስጫ ነበር።

የአበባ እንግዶች

በአደኗ ጊዜ የምታሳየውን ኃይል የተመለከተ ሰው አዋቂዋ ተርብ ሥጋ በል ናት ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። እውነታው ግን ከዚህ የራቀ ነው። አዋቂዎቹ፣ ወንዶቹም ሆኑ እንስቶቹ፣ የሚመገቡት ከአበባ የሚገኘውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በተለይ አስክሌፒያስ በተባሉት፣ ከሀገራችን ጦቢያ ጋር ዝምድና ባላቸው ዕፅዋት አበቦች ላይ በብዛት ይታያሉ። እንዲሁም በአፋር አካባቢ ወራሪ በመሆኑ ከሚታወቀው ፕሮሶፒስ ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜስኪት የተባለ ዛፍ አበባ ሲያወጣ ይጎበኙታል። ከአበባ ወደ አበባ ሲዘዋወሩም የአበባ ብናኝ ያሸጋግራሉ።

የወንዶቹ ሥራ እንስት መፈለግ ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ያስተምር የነበረው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ጆን አልኮክ፣ ሄሚፔፕሲስ ኡስቱላታ በተባለች የቅርብ ዘመድ ዝርያ ላይ ለብዙ ዓመታት ባደረገው ጥናት ወንዶቹ በኮረብታ ጫፍ ላይ ባሉ የተወሰኑ ዛፎች ላይ እየተቀመጡ እንስት እስክትመጣ እንደሚጠብቁ አሳይቷል። አንዱ ወንድ የሌላውን ቦታ ለመንጠቅ ሲመጣ ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው ወደ ሰማይ ሽቅብ ይበራሉ፤ በዚህም ይፈታተናሉ። የሚያስገርመው፣ አንድ ጊዜ ተመራጭ የሆነው ዛፍ በየዓመቱ በሚፈለፈሉ አዳዲስ ወንዶችም መመረጡ ነው። ካለፈው ትውልድ የሚነግራቸው አንድም ባይኖር አዲሶቹ ዛፉን የሚለዩት በአቀማመጡ ነው።

ፍለጋውና ግጥሚያው

ከተገናኙ በኋላ የእንስቷ ሥራ ይጀምራል። ወደ መሬት ተጠግታ እየበረረች ወይም እየተራመደች፣ ክንፎቿን እያርገበገበችና የመዳሰሻ ቀንዶቿን እያንቀሳቀሰች ምድሩን ታስሳለች። የምትመራው በአብዛኛው በሽታ ነው። ጉድጓድ ስታገኝ መግቢያውን ትመረምራለች፤ ታራንቱላው በጉድጓዱ አፍ ላይ የሐር ክር ይዘረጋልና ክሩ ሲነካ ታዳኝ እንስሳ የመጣለት መስሎት ብቅ ሊል ይችላል። ካልወጣም ተርቧ ራሷ ወደ ውስጥ ገብታ ታስወጣዋለች። ወንዶቹ ታራንቱላዎች እንስት ፍለጋ ከጉድጓዳቸው ወጥተው በሚዞሩበት ወቅት ደግሞ በሜዳ ላይ ታገኛቸዋለች።

ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ታራንቱላው የፊት እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቶ የመርዝ ጥርሶቹን ያሳያል። ይህ አቋም ሌላውን ጠላት ሊያስፈራ ቢችልም ለተርቧ ግን የሆዱን ሥር ያጋልጥላታል። ተርቧ በቀንዶቿ ትዳስሰዋለች፤ ትሸሻለች፤ ትመለሳለች። በመጨረሻም እግሩን ይዛ ወይም በሆዱ ሥር ሾልካ መንደፊያዋን እግሮቹ ከሰውነቱ ጋር በሚገናኙበት ለስላሳ ቦታ ላይ ትሰካዋለች። የታራንቱላው ውጫዊ ሽፋን ጠንካራ በመሆኑ መንደፊያው ሊገባ የሚችለው በእነዚህ መጋጠሚያዎች በኩል ነው። በሌላ ወገን የተርቧ ቆዳ እጅግ ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ የታራንቱላው ጥርስ በቀላሉ አይጨብጠውም፤ ያንሸራትተዋል። ስለዚህም ትግሉ አልፎ አልፎ ተርቧን ቢጎዳም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናቀቀው በእርሷ ድል ነው። ከተነደፈ በኋላ ታራንቱላው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይዝለፈለፋል።

ቀጣዩ ሥራ ከትግሉ ይልቅ አድካሚ ነው። ግጥሚያው የተካሄደው ከጉድጓዱ አጠገብ ከሆነ ተርቧ የተሽመደመደውን ሸረሪት ወደ ገዛ ጉድጓዱ መልሳ ትጎትተዋለች፤ መኖሪያው መቀበሪያው ይሆናል ማለት ነው። ካልሆነ ግን ራሷ በቆፈረችው ጉድጓድ ትጠቀማለች። ሸረሪቱን በጥርሷ ይዛ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ በድንጋይና በሣር መካከል ብዙ ርቀት ልትጎትተው ትችላለች። ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚከብድ በመሆኑ ተሸክማው መብረር አይሆንላትም።

መርዙ ምን ይሠራል?

ከሸረሪት አዳኝ ተርቦች መርዝ ውስጥ ጠለቅ ያለ ምርምር የተካሄደበት ፖምፒሊዶቶክሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ካትሱሂሮ ኮኖ የተባለው ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ንጥረ ነገር የፔፕሲስ ዘመድ ከሆኑ ሁለት የቤተሰቡ ዝርያዎች ለይተው አውጥተዋል። የፕሮቲን ቁራጭ ሲሆን የተሠራውም ከ13 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የነርቭን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ የሶዲየም አዮኖች የሚገቡባቸው ረቂቅ በሮች አሉ። መልእክት ሲተላለፍ በሮቹ ለቅጽበት ይከፈቱና ወዲያው ይዘጋሉ፤ ነርቩም ለሚቀጥለው መልእክት ዝግጁ ይሆናል። ፖምፒሊዶቶክሲን የሚያደርገው በሮቹ በጊዜው እንዳይዘጉ ማዘግየት ነው። መዝጊያው የተበላሸ በር ጠባቂውን ሥራ እንደሚያሳጣው ሁሉ በሮቹ ክፍት የቀሩበት ነርቭም ሥርዓት ያለው ትእዛዝ ለጡንቻ ማድረስ ይሳነዋል። ይህ ባሕርዩ ንጥረ ነገሩን በዛሬው ጊዜ የነርቭ ሴሎችን አሠራር ለሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ጠቃሚ መሣሪያ አድርጎታል።

የፔፕሲስም መርዝ ግብ ተመሳሳይ ነው፤ ሸረሪቱ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ። ነገር ግን ሕይወቱ አትጠፋም። ልቡ መምታቱን ይቀጥላል፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽም አይበላሽም። በመሆኑም ሥጋው ለሳምንታት ትኩስ እንደሆነ ይቆያል። የሰው ልጅ ሥጋን ቋንጣ አድርጎ በማድረቅ፣ በጨው በማሸት ወይም በማቀዝቀዣ በማስቀመጥ ከብልሽት ይጠብቃል። ተርቧ ደግሞ ሥጋውን በሕይወት በማቆየት ትጠብቀዋለች።

ከመሬት በታች

ሸረሪቱ በጉድጓዱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ተርቧ በሆዱ ላይ አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ከዚያም ወጥታ ጉድጓዱን በአፈር ትሞላለች፤ አፈሩን በሆዷ ጫፍ ትጠቀጥቃለች፤ መግቢያውንም ከአካባቢው ምድር እንዳይለይ አድርጋ ትደፍነዋለች። ዳግመኛም ወደዚያ አትመለስም። ለአንዲት እንቁላል አንድ ሸረሪት ያስፈልጋል፤ ለሚቀጥለው እንቁላል አደኑ እንደ አዲስ ይጀመራል።

እንቁላሏ የወንድ ወይም የእንስት መሆኗ የሚወሰነው በእናቲቱ ነው። እንደ ንብና ጉንዳን ሁሉ በተርቦችም ዘንድ ከወንዱ ዘር ጋር ከተዋሐደ እንቁላል እንስት፣ ካልተዋሐደው ደግሞ ወንድ ይወለዳል። እናቲቱ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ በተለየ ከረጢት ታኖረዋለችና እንቁላሉን ከዘሩ ጋር ማገናኘት ወይም አለማገናኘት በእርሷ ቁጥጥር ሥር ነው። በሸረሪት አዳኝ ተርቦች ዘንድ በአጠቃላይ ከትልቅ ሸረሪት ላይ የእንስት፣ ከትንሽ ሸረሪት ላይ የወንድ እንቁላል ይጣላል። ለወደፊቱ ግዙፍ ሸረሪት የምትታገለው እንስቷ ስለሆነች የበለጠውን ስንቅ የምትሻው እርሷ ናት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የምትፈለፈለው ዕጭ የሸረሪቱን ቆዳ በስታ መጀመሪያ ፈሳሹን ትመጣለች። ስታድግ ወደ ውስጥ ዘልቃ ሥጋውን ትበላለች። አበላሏ ግን ቅደም ተከተል አለው፤ ለሸረሪቱ ሕይወት ወሳኝ የሆኑትን እንደ ልብ ያሉ ክፍሎች እስከ መጨረሻው ትተዋቸዋለች። እነዚህን አስቀድማ ብትነካ ሸረሪቱ ይሞታል፤ የቀረው ሥጋም እድገቷን ሳትጨርስ ይበላሽባታል። ስንቋን አጠናቅቃ ስትበላ በዙሪያዋ የሐር ሽፋን ትሠራለች፤ በሽፋኑ ውስጥም ከዕጭነት ወደ ፑፓ፣ ከፑፓም ወደ አዋቂ ተርብ ትለወጣለች። አፈሩን ቆፍራ ስትወጣ እናቷን አታውቅም፤ አደን ያሳያትም የለም።

ደመ ነፍስ ወይስ ልምድ?

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ማንም ያላስተማራት ተርብ ይህን ሁሉ እንዴት ታውቃለች? ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዣን አንሪ ፋብር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሸረሪት አዳኝ ተርቦችን በቅርብ ተከታትሏል። የደረሰበት መደምደሚያ የተርቦች ጥበብ ከውልደት ጀምሮ ፍጹም የሆነ፣ የማይጨመርበትና የማይቀነስበት ደመ ነፍስ ነው የሚል ነበር።

በሩስያ ተወልዶ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አሌክሳንደር ፔትሩንኬቪች ደግሞ በፖርቶ ሪኮ ደሴት ፔፕሲስ ማርጂናታ የተባለችውን ዝርያ አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 አሳትሟል። ተርቧ ማንኛውንም ታራንቱላ እንደማታጠቃ፣ የምትፈልገው ዝርያ መሆኑን በቀንዶቿ ዳስሳ እንደምታረጋግጥ አስተውሏል። በይበልጥ ያስገረመው የታራንቱላው ሁኔታ ነበር። በፀጉሩ ላይ የሚያርፈውን ቀላል ንክኪ ሁሉ በቁጣ የሚመልሰው ሸረሪት ተርቧ ስትዳስሰው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቆማል፤ መቃብሩን ስትቆፍርም በአጠገቧ ሆኖ አይሸሽም።

የፋብር መደምደሚያ ግን በኋላ ዘመን በተካሄደ ሙከራ ተሻሽሏል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ይሠራ የነበረው ፍሬድ ፑንዞ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት የፔፕሲስ ፎርሞሳ እንስቶች ከታራንቱላ ጋር ደጋግመው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መረመረ። ውጤቱ እንዳሳየው ልምድ ያካበተችው ተርብ ሸረሪቱን አጥቅታ ለማሽመድመድ የሚወስድባት ጊዜ ከጀማሪዋ ያነሰ ነው። ከዚህ የምንረዳው ተርቧ የአደኑን መሠረታዊ ሥርዓት ይዛ እንደምትወለድ፣ ቅልጥፍናውን ግን በልምድ እንደምታዳብር ነው። ደመ ነፍስና ትምህርት የሚጻረሩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ መሆናቸውን የምታሳየን የአንጎሏ መጠን ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ፍጡር ናት።

ሕመም ያለ ጉዳት

እስካሁን የተመለከትነው መርዙ በሸረሪት ላይ ያለውን ሥራ ነው። በአከርካሪ አጥንት ባለቤቶች ላይ ግን ሥራው የተለየ ነው፤ እርሱም ማሳመም ነው። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ጀስቲን ሽሚት ልዩ ልዩ ነዳፊ ነፍሳት የሚያደርሱትን ሕመም ራሱ ተነድፎ በደረጃ በማስቀመጥ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈው ይህ ሊቅ ባዘጋጀው መለኪያ የተለመደችው የማር ንብ ንድፊያ 2 ሲሰጠው የፔፕሲስ ንድፊያ 4 ተሰጥቶታል፤ ይህም የመለኪያው ከፍተኛ ደረጃ ነው። ሕመሙ ድንገተኛ ሲሆን እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ሰውነትን ያሽመደምዳል። ሽሚት የተነደፈ ሰው እየሮጠ ተደናቅፎ የባሰ ጉዳት እንዳያገኘው ባለበት ተጋድሞ ቢጮህ እንደሚሻለው ይመክር ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ብዙውን ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የመርዙ ገዳይነት በአጥቢ እንስሳት ላይ ሲለካ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ አንጻር የማር ንብ መርዝ፣ ሕመሙ ቢያንስም፣ በገዳይነቱ ይበልጣል። ለነፍሳት መርዝ የተለየ አለርጂ ያለበት ሰው ማንኛውም ንድፊያ አደገኛ ሊሆንበት እንደሚችል የተጠበቀ ሆኖ፣ ለሌላው ሰው የፔፕሲስ ንድፊያ ሕመም እንጂ ጉዳት አይደለም።

ታዲያ የማይጎዳ ሕመም ለተርቧ ምን ይፈይዳል? ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ለጥያቄው ምላሽ ሰጥቷል። በአንዲት እንቁላል አንድ ታራንቱላ የምትቀብር ተርብ በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ዘሯ እንዲቀጥል ረጅም ጊዜ መኖርና ከአዳኝ መጠበቅ አለባት። አንድ ጊዜ የነደፈችው ወፍ ወይም እንሽላሊት ባይሞትም ያንን ሕመም አይረሳም። የሚያብለጨልጨው ጥቁር አካሏና ብርቱካንማ ክንፎቿም ትውስታውን የሚቀሰቅሱ ምልክቶች ናቸው። እንዲያውም ጠላቷ ቢሞት ማስታወስ የሚችል አይኖርም ነበር፤ በሕይወት ያለና የተማረ ጠላት ለእርሷ ከሞተው ይሻላታል። በዚህ ምክንያት ፔፕሲስ ብርቱ ፀሐይ ባለበት ሜዳ ላይ ያለ ፍርሃት ስትዘዋወር ትታያለች። በጠባይዋ ግን ቁጡ አይደለችም፤ ሰው ካልያዛት ወይም ካልረገጣት በቀር አትነድፍም። ጎጆዋን የምትጠብቅ ባለመሆኗም እንደ መንጋ ተርቦች ሰውን አታሳድድም።

ዘመዶቿ በሌላው ዓለም

ፔፕሲስ በአፍሪካ ባትገኝም የቅርብ ዘመዷ የሆነው ሄሚፔፕሲስ የተባለው ወገን ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉ ሀገሮች ይኖራል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በአዳም ሸትልወርዝና በስቲቨን ጆንሰን የተካሄዱ ጥናቶች አንዳንድ ዕፅዋት የአበባ ብናኛቸውን የሚያሸጋግሩላቸው በዋነኛነት የሄሚፔፕሲስ ተርቦች መሆናቸውን አረጋግጠዋል። አበቦቹ ደማቅ ቀለም የላቸውም፤ ተርቦቹን የሚጠሩት በሽታቸው ነው። ተርቦቹ ቢጠፉ እነዚህ ዕፅዋት ዘር ማፍራት ይቸገራሉ።

የቤተሰቡ ሌሎች አባላት ደግሞ ለተመሳሳይ ችግር ልዩ ልዩ መፍትሔዎች አሏቸው። አውፕሎፐስ የተባሉት የሸረሪቱን እግሮች ቆርጠው ክብደቱን ካቀለሉ በኋላ ከጭቃ በሠሩት ትንሽ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡታል። ሴሮፓሌስ የተባሉት ራሳቸው አያድኑም፤ ሌላዋ ተርብ አድና በምትጎትተው ሸረሪት መተንፈሻ ውስጥ እንቁላላቸውን ሰርቀው ይጥላሉ። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2014 ለሳይንስ የተዋወቀችው ዲዩተራጌኒያ ኦሳሪየም ደግሞ የጎጆዋን መግቢያ በሞቱ ጉንዳኖች ሬሳ ትዘጋለች፤ የጉንዳኖቹ ሽታ ሌሎች ነፍሳት ወደ ጎጆዋ እንዳይቀርቡ ያደርጋል ተብሎ ይታመናል።

በሀገራችን በየቤቱ ግድግዳና ጣራ ሥር የጭቃ ጎጆ የሚሠሩት ወገበ ቀጭን ተርቦችም ሸረሪት ያድናሉ። የተርቦቹ ቤተሰብ ከፖምፒሊዴ የተለየ ሲሆን በእያንዳንዱ የጭቃ ክፍል ውስጥ የሚያኖሩት አንድ ትልቅ ሸረሪት ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶችን ነው። የደረቀውን ጭቃ በጥንቃቄ የከፈተ ተማሪ እግሮቻቸውን አጥፈው የተደረደሩ ሸረሪቶችንና በመካከላቸው አንዲት ነጭ ዕጭ ሊያገኝ ይችላል። ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ መድረሳቸው ሸረሪት ለነፍሳት ልጅ ምን ያህል ተስማሚ ስንቅ እንደሆነ ያመለክታል።

ጭካኔ ነውን?

የዚህችን ተርብ ታሪክ የሚሰማ ሰው ለታራንቱላው ማዘኑ አይቀርም። ቻርለስ ዳርዊንም በትል ሰውነት ውስጥ የሚያድጉትን የሌላ ተርብ ቤተሰብ ዕጮች አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1860 ለወዳጁ ለዕፅዋት ሊቁ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩ ከቸር ፈጣሪ ሥራ ጋር አልታረቅ እንዳለው ገልጾ ነበር። ሆኖም ጭካኔ የሚለው ቃል የሌላውን ሥቃይ እያወቁ መፈጸምን ያመለክታል። ተርቧ በአበባ ጭማቂ እየኖረች ለማታያት ልጇ ስንቅ የምታደራጅ እናት ናት፤ ታራንቱላውም በየምሽቱ ሌሎችን የሚበላ አዳኝ ነው።

የሁለቱ ግንኙነት አንዱ ሌላውን እንዲያጠፋ አልሆነም። እንስት ታራንቱላ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ በአንድ ጊዜም በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። በአንጻሩ ተርቧ ለአንዲት ልጇ አንድ ሙሉ ሸረሪት ስለምትሻ የልጆቿ ቁጥር ውሱን ነው። ታራንቱላ በሌለበት ምድር ፔፕሲስ አትኖርም፤ የታራንቱላው ጉድጓድ የሚገኘው ደግሞ ባልታረሰና ባልተደመሰሰ መሬት ላይ ነው። እንግዲህ በበረሃ አበባ ላይ ያረፈች አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ተርብ ያየ ሰው ከእግሩ ሥር ባለው አፈር ውስጥ ታራንቱላዎች እንዳሉ፣ ከእነርሱም በአንዱ ላይ በዚያው ሰዓት አንዲት ዕጭ በማደግ ላይ ልትሆን እንደምትችል ይገነዘባል። ተርቧን ሳይነካ ቢያልፍ እርሷም አትነካውም።